ሚያዝያ 27 የማንም ቤተ መንግሥት ርስት አይደለም!

በእኛ አገር መንግሥት ሲለወጥ ሐውልት ይፈርሳል፤ የመንገድ ስም ይቀየራል፤ ባንዲራው ላይ ያለው ምልክት ይነሳል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር፣ አዲስ ገዢ እጁን ካሌንደሩም ላይ እንደሚያሳርፍ ነው። አንዱ የልደቱንና የዘውዱን ቀን በዓል ያደርጋል። ሌላው ይመጣና ያንን ሰርዞ ሥልጣን የያዘበትን ቀን ያስጨፍራል። ሦስተኛው ደግሞ የሁለተኛውን ሰርዞ የራሱን ይተካል። ሐምሌ 16 ሄደ፣ መስከረም 2 መጣ። መስከረም 2 ሄደ፣ ግንቦት 20 መጣ። ግንቦት 20ም ዛሬ እንደ ድሮው የሚጨፈርለት ቀን አይደለም። ሕዝቡም ለምዶታል፤ “ዛሬ ሥራ አለ ወይስ ዝግ ነው?” ብሎ ይጠይቅና መንገዱን ይቀጥላል።

እነዚህስ ይሁን፤ የገዢዎች የግል ድግሶች ናቸው። የደገሰው ሲሄድ ድንኳኑ ይፈርሳል። የሚያንገበግበው ያልደገሱትን ድግስ፣ ያልሞቱበትን ቀን ሲቀሙ ነው። ሚያዝያ 27ን ማለቴ ነው።

አንድ ቀን፣ ሁለት ታሪክ

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ማርሻል ባዶሊዮ ጦሩን አስከትሎ አዲስ አበባ ገባ። ማይጨው ላይ ጦራችን ከተፈታ ገና አንድ ወር ከጥቂት ቀን ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከሦስት ቀን በፊት፣ ሚያዝያ 24፣ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጥተዋል። በነዚያ ሦስት ቀናት ከተማዋ ተዘርፋለች፤ ተቃጥላለች። የዚያኑ ዕለት ማታ ሙሶሊኒ ሮም ላይ ሰገነት ወጥቶ ጦርነቱ አለቀ ብሎ አወጀ። በአራተኛው ቀን ደግሞ የጣሊያኑን ንጉሥ “የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት” አሰኘው። ባዶሊዮም “የአዲስ አበባ መስፍን” ተባለ¡

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ በእንጦጦ በኩል ወርደው እዚያችው ከተማ ገቡ። የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች መንገዱን ዳርና ዳር ይዘው ነበር። ጃንሆይም ሕዝቡ በክፉ ፈንታ ክፉ እንዳይመልስ፣ በቀል እንዳይዝ ተናገሩ።

እንግዲህ አንድ ቀን ሁለት ነገር ተሸከመ፦ ውርደትንና ክብርን። “አጋጣሚ ነው” የሚል አለ። “የእግዜር ሥራ ነው” የሚልም አለ። የሚያምነውን እምነቱን አልነካበትም። ነገር ግን ሰው የሠራውን ሥራ ለአጋጣሚ መስጠት ደግ አይደለም። ጃንሆይ ጥር 12 ቀን 1933 በኦሜድላ ድንበር ተሻገሩ። መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ ገቡ። አዲስ አበባ ደግሞ በዚያው በመጋቢት 28 ከጣሊያን እጅ ወጥታለች። ከዚያ በኋላ እንግሊዞች “ትንሽ ይቆዩ” እያሉ አዘገዩዋቸው። በመጨረሻ የገቡት ግን ሚያዝያ 26 አይደለም፤ ሚያዝያ 28ም አይደለም። አምስተኛው ዓመት በሞላበት ዕለት ነው። ይህን ዕድል አመጣው የሚል ካለ የዋህ ነው። ፖለቲካ የሚያውቅ ሰው አስቦ የያዘው ቀን ነው፤ የባዶሊዮን ቀን ከባዶሊዮ እጅ ለመንጠቅ።

ጥሩ አደረጉ! ባያደርጉት ኖሮ ሚያዝያ 27 እስከ ዛሬ የሐፍረት ቀን ሆኖ ይቀር ነበር።

“ዛሬ በታሪክ” የሚሉት ጨዋታ

በየሬዲዮኑና በየመጽሔቱ “በዛሬው ዕለት እንዲህ ሆነ” የሚል ዓምድ አለ። ካርል ማርክስ የተወለደው በፈረንጅ ሜይ 5 ቀን 1818 ነው። ናፖሊዮን የሞተው ሜይ 5 ቀን 1821 ነው። ሜክሲኮዎች ፑዌብላ ላይ የፈረንሳይን ወራሪ ጦር የመቱት ሜይ 5 ቀን 1862 ነው። “ሜይ 5 ማለት ሚያዝያ 27 ነው፤ አያችሁ ተአምሩን!” ይሉናል።

ቆይ እስቲ፣ እንቁጠረው። የፈረንጁ አቆጣጠርና የእኛው በየመቶ ዓመቱ አንድ አንድ ቀን እየተሸራረፉ ይሄዳሉ፤ አንዳንዴ ብቻ ነው የማይንቀሳቀሱት። ባለፈው መቶ ዓመትና ዛሬ ሜይ 5 ሚያዝያ 27 ላይ ይውላል። በ1800ዎቹ ግን የሚውለው ሚያዝያ 28 ላይ ነበር። ስለዚህ ማርክስም፣ ናፖሊዮንም፣ ፑዌብላም በእኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ 27 ውጪ ናቸው። ተአምሩ የት ገባ? ከ2100 እ.ኤ.አ. በኋላም ሚያዝያ 27 ወደ ሜይ 6 ይሻገራል። የመቁጠሪያው ገመድ ሲለወጥ የሚበጠስ ዝምድና ዝምድና አይባልም።

ከልብ የሚገጥም ሌላ ሚያዝያ 27 ከተፈለገ አለ። ሆላንድና ዴንማርክ ከናዚ ጀርመን ነፃ የወጡበትን ቀን የሚያስቡት ሜይ 5 ቀን 1945ን ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 27 ቀን 1937። እዚህ ላይ ቀኑ የገጠመው በአጋጣሚ ነው፤ ጠላቱ ግን አንድ ነበር፦ ሮምና በርሊን የተማማሉበት ፋሺዝም። ኢትዮጵያ አራት ዓመት ቀድማቸዋለች። ይህን ለልጆቻችን ስንነግር ሰምታችኋል? እኔ አልሰማሁም። ማርክስና ናፖሊዮን ግን በየዓመቱ ይነሳሉ።

ደርግ ቀኑን ለማን ሰጠው?

አሁን ወደ ዋናው ጉድ እንምጣ። ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ የድል በዓሉን ከሚያዝያ 27 አንስቶ መጋቢት 28 ላይ አዋለው። ምክንያቱ ሲሰሙት እውነት ይመስላል፤ ከተማዋ ከጣሊያን የተላቀቀችው መጋቢት 28 ነው፤ ሚያዝያ 27 ንጉሡ የገቡበት ቀን ብቻ ነው፤ በዓሉ የዘውድ እንጂ የሕዝብ አይደለም የሚል ነው። በቀን ቆጠራው ደርግ አልተሳሳተም። በመካከሉ 29 ቀን አለ።

ግን መጋቢት 28 አዲስ አበባ የገባው ማን ነበር? ከኬንያ ተነስቶ በጄኔራል ካኒንግሃም ይመራ የነበረው የእንግሊዝ ጦር ነው! ደቡብ አፍሪካውያን፣ ምሥራቅና ምዕራብ አፍሪካውያን ወታደሮች በእንግሊዝ መኮንኖች እየታዘዙ ነበር የገቡት። ውለታቸውን አልክድም፤ ደማቸውን አፍስሰዋል። ግን “ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!” እያለ ጉሮሮው እስኪደርቅ የጮኸው ደርግ፣ የአርበኞችን የድል በዓል አንስቶ ለእንግሊዝ ጦር መግቢያ ቀን ሸለመው። ንጉሥ እጠላለሁ ብሎ ጄኔራል አነገሠ። ማር ሲሹ እሬት ማለት ይኸው ነው።

ከዚያም የባሰ አለ። ሚያዝያ 27 ከበዓልነት ሲወጣ ቀኑ ባዶ አይሆንም። የ1933ቱ ሚያዝያ 27 ሲረሳ የ1928ቱ ብቻውን ይቀራል። ደርግ ጃንሆይን ለመቅጣት ብሎ ቀኑን ለባዶሊዮ መለሰለት።

በቀን ልክነት ከተሟገትን ደግሞ መጋቢት 28ም ልክ አይደለም። አምባላጌ ላይ የአኦስታው መስፍን እጁን የሰጠው በግንቦት 1933 ነው። የመጨረሻው የጣሊያን ምሽግ ጎንደር የተያዘው ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላም እንግሊዝ አገራችንን “የተያዘ የጠላት ግዛት” በሚል አስተዳደር ሥር አድርጎ ሊይዝ ፈልጎ ነበር። ጃንሆይ ግንቦት 3 ቀን 1933 ሚኒስትሮች ሲሾሙ እንግሊዞች አኩርፈዋል። የ1934ቱ ውልና የ1937ቱ ውል የዚያ ትግል ውጤቶች ናቸው። ኦጋዴን በሙሉ እስኪመለስ ድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል። ታዲያ የነፃነት ቀን የቱ ነው? ትክክለኛ ቀን የሚባል የለም ወገኔ! የሚመረጥ ቀን ነው ያለው። ጥያቄው ማን መረጠው፣ ለማን መረጠው ነው።

በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው

የዘውድ ወዳጆችም አትሳቁ፤ ለእናንተም አለኝ። ሚያዝያ 27 የጃንሆይ ብቻ ነው ያላችሁት ደርግን አግዛችሁታል። ቀኑን የአንድ ሰው ካደረጋችሁት፣ ያንን ሰው የጠላ ሁሉ ቀኑን ቢጥለው ምን ትላላችሁ?

በሁለቱ ሚያዝያ 27ቶች መካከል አምስት ዓመት አለ። አምስቱን ዓመት ጃንሆይ ስደት ላይ ነበሩ። ጄኔቭ ሄደው በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ተሟግተዋል፤ ያም ትግል ነው። ደርግ ደግሞ ገና አልተወለደም። እዚህ የነበረው ማን ነው?

ሐምሌ 22 ቀን 1928 ሕዝቡን አላወግዝም ብለው በጥይት የተደበደቡት አቡነ ጴጥሮስ ነበሩ። የካቲት 12 ቀን 1929 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ነበሩ። በዚያ ሰበብ በሦስት ቀን ውስጥ የታረደው የአዲስ አበባ ሕዝብ ነበር፤ መንግሥታችን ለዓለም ያቀረበው ቁጥር 30 ሺህ ነው። ሸዋ ላይ አበበ አረጋይ፣ ጎጃም ላይ በላይ ዘለቀ፣ ደቡብ ምዕራብ ላይ ገረሱ ዱኪ ነበሩ። ጣሊያን አገር ድረስ ተግዘው ታስረው፣ ተመልሰው ደግሞ ጠመንጃ ያነሱት ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ነበሩ። ገና በ15 ዓመታቸው ጫካ የገቡት ጃገማ ኬሎ ነበሩ። ስማቸው ያልተጻፈው፣ ስንቅ ያቀበሉት፣ ቁስለኛ የደበቁት፣ ጎጇቸው የተቃጠለባቸው ባላገሮች ነበሩ።

ሁለቱን ሚያዝያ 27ቶች ያጋጠማቸው ኮከብ ቆጠራ አይደለም። እነዚህ ሰዎች ናቸው። እነሱ ባይኖሩ 1928 እስከ ዛሬ በተዘረጋ ነበር።

ውለታቸው እንዴት ተከፈለ? በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ነፃነት በተመለሰ በአራት ዓመቱ! አምስት ዓመት ሙሉ ለጣሊያን ያልገቡት ራስ አበበ አረጋይ በታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር በወገን ጥይት ቤተ መንግሥት ውስጥ ወደቁ። ፋሺስት ያላገኛቸውን እኛው አገኘናቸው። በየዓመቱ የአበባ ጉንጉን ሲቀመጥ ይህን የሚያነሳ ሹም አይቼ አላውቅም።

ቀኑ ተመለሰ፤ ባለቤቶቹስ?

ከደርግ ውድቀት በኋላ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 27 ተመልሷል። መልካም። አራት ኪሎ ያለው አደባባይም ስሙ ሚያዝያ 27 ነው፤ ታክሲ ረዳቱ ግን “አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!” ነው የሚለው፤ አልፈርድበትም፤ ማን ነገረው? በበዓሉ ቀን ባለሥልጣን መኪና ይመጣል፤ ሰልፍ ይቆማል፤ ጎፈርና ሜዳሊያ ይታያል፤ ንግግር ይነበባል። ንግግሩ ስለ 1933 ይጀምርና እንደ ምንም ተጠማዞ ስለ ዘመኑ መንግሥት ስኬት ያልቃል። አርበኛው ፀሐይ ላይ ቆሞ ያጨበጭባል። በማግስቱ ጡረታውንና ቤቱን ለመጠየቅ ከመስኮት መስኮት ሲንከራተት የሚያጨበጭብለት የለም።

እሱም ቢሆን አልቋል። በ1933 የ15 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ መቶ ዓመት አካባቢ ነው። ጄኔራል ጃገማ ኬሎ በ2009 ዓ.ም. አርፈዋል። ነገ “ነበርኩበት” የሚል ሰው አይኖርም። ያኔ የሚቀረው ቀኑ ብቻ ነው። ቀን ደግሞ አፍ የለውም፤ ማይክሮፎን የያዘው ያሻውን ያናግረዋል። ትናንት የዘውድ፣ ከዚያ የአብዮት፣ ነገ ደግሞ የማን እንደሚሆን እንጃ!

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነው። በሚያዝያ 27 ንግግር ይቅርና የአርበኞቹ ስም ይነበብ፤ ከሸዋም፣ ከጎጃምም፣ ከወለጋም፣ ከትግራይም፣ ከሲዳሞም። የታወቁት ብቻ ሳይሆን በየመንደሩ የሚታወሱት ጭምር። አያቱ አርበኛ የነበሩ የሰሙትን ይጻፉ፤ ወረቀትና ሜዳሊያ በሣጥን ያስቀመጡ ያውጡ። ትምህርት ቤቱ ለልጁ “ሚያዝያ 27 ምን ሆነ?” ብሎ አይጠይቀው፤ “ከሚያዝያ 27 እስከ ሚያዝያ 27 ምን ሆነ?” ብሎ ይጠይቀው። የተሰቀለውም ስም ከሰቀለው ስም ጎን ይነገር። ባንዳውም አይዘለል።

መንግሥት ሆይ፣ የራስህን ቀን እንደፈለግህ ጨፍርበት፤ ዕድሜው እንደ ዕድሜህ ነው። ይኸኛውን ግን ተወው። ባለቤት አለው።