በቅድስት ከተማ ሰማይ ላይ የታየው መርከብ

ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ስንበቃ ብዙዎቻችን የስልካችንን ካሜራ ወደ ገዛ ፊታችን እናዞራለን። ከቅዱስ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ በክርስቲያኖች ሰፈር ጠባብ መንገዶች የሚያልፍ ተሳላሚ ግን በአንዲት አሮጌ ፎቶ ቤት ደጃፍ ቆም ቢል ያልጠበቀውን ያያል፤ ከከተማይቱ ጣሪያዎች በላይ የሚንሳፈፍ ግዙፍ የአየር መርከብ! ቅንብር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1931 ግራፍ ዜፔሊን የተባለው የጀርመን አየር መርከብ በዚያ ባለፈ ጊዜ የተነሣ ነው።

ያነሣው ኤሊያ ካህቬጂያን፣ በኡርፋ ተወልዶ በአርመናውያን ላይ ከደረሰው እልቂት የተረፈ የሙት ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ከጦርነት የሸሸጋቸው የፊልም ቅጂዎች የተገኙት በ1980ዎቹ ነው። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ታሪኩ ባዕድ አይደለም፤ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1924 ከዚያችው ከተማ ወደ አዲስ አበባ ያስመጧቸው፣ በማርሽ ሙዚቃቸው የታወቁት «አርባ ልጆች» የዚያው እልቂት ወላጅ አልባዎች ነበሩ።

እንግዲህ የያኔዋን ኢየሩሳሌም የምናያት አገሩን ባጣ ሰው ዓይን ነው። በእኔ አስተያየት የስደተኛ ዓይን የቤቱ ባለቤት የማያስተውለውን ያስተውላል። ታዲያ የእኛ ስልክ ምን ይዟል? ዓርብ ለቅዳሴ የምንሳፈርበትን አውቶቡስ፣ ተራ ይዘን የምንተኛበትን ጠባብ ክፍል፣ ወደ አገር ቤት የምንልከውን የታሰረ ካርቶን አንሥተን ይሆናል። ስልኩ ሲሞላ ግን አስቀድመን የምናጠፋው ይህንኑ ነው።