መስለው የማይመስሉ አበቦች



ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ደጋውና ወይና ደጋው ቢጫ ይለብሳል። ልጃገረዶች በእንቁጣጣሽ ዕለት አበባ ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ፤ መስከረም 16 ቀንም ደመራው በአደይ አበባ አጊጦ ይቆማል። ነገር ግን የአበባውን እቅፍ ቀረብ ብለን ብንመለከተው፥ አደይ ተብሎ የተሰበሰበው ሁሉ አደይ እንዳይደለ እናያለን። መጭ አለበት፤ ቆይቶም ኑግ ይቀላቀልበታል፤ አንዳንድ ጊዜም ከጎረቤት አጥር ላይ የተቀጠፈ የባዕድ አገር አበባ ይገኝበታል። በዚህ ወር ገጻችን እነዚህን የሚመሳሰሉ አበቦች እንዴት መለየት እንደሚቻል ልናስረዳ አስበናል። ቢጫዎቹን አሳስቶ መያዝ የሚያመጣው ጉዳት ጥቂት ነው፤ በኋላ የምናነሣቸውን ነጮቹን አሳስቶ መያዝ ግን ሕይወት እስከ ማሳጣት ይደርሳልና፥ አባቶችና እናቶች እስከ ፍጻሜው እንዲያነቡልን እንለምናለን።

አበባን በቀለሙ ብቻ ለማወቅ መሞከር ሰውን በለበሰው ልብስ ለማወቅ እንደ መሞከር ነው። አንድ ዓይነት ልብስ ብዙዎች ይለብሱታል። ስለዚህ ከቀለሙ አስቀድመን አራት ነገሮችን እንመርምር፤ ይኸውም ቅጠሉ በግንዱ ላይ እንዴት እንደ ተቀመጠ፥ ቅጠሉ ሙሉ ወይም የተሰነጣጠቀ መሆኑን፥ ከአበባው ሥር ያለው አረንጓዴ ሽፋን ምን እንደሚመስል፥ በመጨረሻም ዘሩን ነው።

ከአደይ እንጀምር። የአደይ ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ትይዩ ይበቅላሉ፤ እያንዳንዱም ቅጠል እንደ ላባ በብዙ ቦታ የተሰነጣጠቀ ነው። አንድ አበባ ብለን የምንጠራው በእውነቱ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ ነው፤ በመካከል ያሉት ጥቃቅኖቹ ዘር የሚሆኑት ሲሆኑ፥ በዙሪያው ያሉት፥ ብዙ ጊዜ ስምንት የሚሆኑት ቢጫ ምላሶች ንብን የሚጠሩ ናቸው። አበባውን ገልብጠን ብናይ ሽፋኑ ሁለት ረድፍ ነው፤ የውጭው ጠባብና አረንጓዴ፥ የውስጡ ግን ስስ ሆኖ ወደ ቢጫነት የሚያደላ ነው።

አደይ የአንድ ተክል ብቻ ስም አይደለም። የዕፀዋት ሊቃውንት ቢደንስ በሚሉት ወገን ውስጥ ያሉ በርካታ ዓይነቶች በአገራችን በዚህ ስም ይጠራሉ። ይህን ወገን በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ጠንቅቀው ያጠኑት ኢትዮጵያዊው የዕፀዋት ሊቅ ዶክተር መስፍን ታደሰ ሲሆኑ፥ ጥናታቸውም በ1984 በፈረንጆች አቆጣጠር ታትሟል። ቢደንስ ማለት በላቲን ቋንቋ ባለ ሁለት ጥርስ ማለት ነው፤ ስሙም የወጣለት በዘሩ ጫፍ ላይ ከሚታዩት ሾጣጣ ጥርሶች የተነሣ ነው። በልብሳችን ላይ የሚጣበቀው፥ ልጆችን የሚያስቸግረው ጭጎጎት ከዚሁ ወገን መሆኑን ስንነግራችሁ የሚገረም አይጠፋም። አደይና ጭጎጎት የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ አንዱ ለበዓል ይፈለጋል፥ ሌላው ከቀሚስ ላይ እየተለቀመ ይጣላል።

መጭ ግን የሌላ ቤት ልጅ ነው፤ ዘመዱ ኑግ ነው። የመጭ ቅጠል ሙሉ ነው፥ አይሰነጠቅም፤ ያለ እጀታ ግንዱን አቅፎ ይቀመጣል፥ በጣት ሲዳሰስም ይሻክራል። ኑግም እንዲሁ ቅጠሉ ሙሉ ሆኖ፥ ከአበባው ሥር አምስት ሰፋፊ አረንጓዴ ቅጠል መሰል ሽፋኖች አሉት። የሁለቱም ዘር ጥቁርና ለስላሳ ነው፤ ጥርስም ክንፍም የለውም። ኑግ በገበሬ እጅ የሚዘራ፥ ዘይት የሚሰጥ የተባረከ እህል ነው፤ መጭ ግን በጤፉም በኑጉም ማሳ ውስጥ ሳይጠሩት የሚገባ አረም ነው። ስለዚህ ልጆቻችን አበባ ሊለቅሙ ሲወጡ፥ ቅጠሉ የተሰነጣጠቀውን እንዲቀጥፉ፥ ቅጠሉ ሙሉ የሆነውን ግን የሰው ማሳ እንዳይሆን መጀመሪያ እንዲጠይቁ እንምከራቸው። አደይም ቢሆን በዘሩ የሚተካ ነውና፥ ከነሥሩ መንቀል ወይም ቦታውን መላጨት አይገባም። ከክረምት በኋላ ንቦች ማር የሚሠሩት በአብዛኛው ከአደይና ከኑግ አበባ ነው።

በግቢ አጥር ላይ የሚተከለው፥ ከሰው ቁመት በላይ የሚያድገው ባለ ትልቅ ቢጫ አበባ ደግሞ ከሜክሲኮ የመጣ ነው፤ ቲቶንያ ይባላል። ቅጠሎቹ በትይዩ ሳይሆን እየተፈራረቁ የሚበቅሉ ናቸው፥ ቅርጻቸውም እንደ እጅ ጣቶች የተከፈለ ነው። ኮስሞስ የሚባለው የአትክልት አበባም አገሩ ሜክሲኮ ነው፤ እርሱ ግን ለአደይ የቅርብ ዘመድ ስለ ሆነ ቅጠሉ ትይዩና የተሰነጣጠቀ ሆኖ ያሳስታል። ብርቱካን መሰል ወይም ሐምራዊ ሆኖ ካገኘነው አደይ አለመሆኑን እንወቅ፤ ቢጫው ካጠራጠረን ዘሩን እንይ፤ የኮስሞስ ዘር ቀጭን ሆኖ እንደ ወፍ ምንቃር የረዘመ ጫፍ አለው።

አሁን ወደ ነጮቹ እንለፍ። መለከት የሚመስሉ ሦስት ነጭ አበቦች በየግቢያችንና በየመንገዱ ይታያሉ።

የመጀመሪያው አስተናግር ነው። በቆሻሻ መጣያና በፈረሰ ቤት አጠገብ፥ እንዲሁም በበቆሎና በማሽላ ማሳ ውስጥ የሚበቅል የዓመት ተክል ነው። አበባው ወደ ላይ ይቆማል፤ ቅጠሉ ዳር ዳሩን ጥርሳም ነው፥ ሲታሽም ይከረፋል፤ ፍሬው እንቁላል የሚያህል፥ በእሾህ የተሸፈነ ሲሆን ሲደርስ በአራት ተሰንጥቆ ጥቁር ዘር ያወጣል። ሁለተኛው ለጌጥ የሚተከለው ብሩግማንስያ ነው፤ ይህ እንጨታማ ሆኖ እስከ ጣሪያ የሚደርስ፥ አበባው ከአንድ ስንዝር በላይ ረዝሞ ወደ ታች የሚንጠለጠል፥ ሲመሽ መዓዛው የሚያውድ ነው። ፍሬው እሾህ የለውም። ሦስተኛው ካላ ሊሊ ነው፤ ነጩ ክፍል አንድ ቅጠል ብቻ ሆኖ በቢጫ ዘንግ ዙሪያ የተጠቀለለ ነው። ሊቃውንት በስሙ ላይ የኢትዮጵያ የሚል ቃል ቢጨምሩበትም የትውልድ አገሩ ደቡባዊ አፍሪካ ነው።

የካላ ሊሊ ጥሬ ጭማቂ አፍንና ጉሮሮን ያቃጥላል፥ ያሳብጣልም። የሁለቱ መለከቶች መርዝ ግን እጅግ የከፋ ነው፤ በቅጠል፥ በአበባ፥ በዘርም ውስጥ አለ። የበላው ሰው አፉ ይደርቃል፥ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፥ ገላው ይቀላል፥ ይግላልም፥ ልቡ ይፈጥናል፥ የማይታየውን አየሁ እያለ ይለፈልፋል። አስተናግር የሚለው ስሙ ራሱ ይህን ይመሰክራል። በ2019 በፈረንጆች አቆጣጠር በኡጋንዳ በካራሞጃ አካባቢ ለእርዳታ የታደለ ምግብ ሦስት መቶ የሚጠጉ ሰዎችን አሳምሞ አምስቱን ሲገድል፥ ምርመራው በምግቡ ውስጥ በአስተናግር የሚገኙትን መርዞች ነበር ያገኘው። የጥርስ ሕመም ይሽርልናል ብለን የአስተናግርን ፍሬ በፍም ላይ አድርገን ጢሱን የመሳብ ልማድ በብዙ ቤት አለ፤ መርዙ ግን በጢሱም ውስጥ ወደ ሰውነት ይገባልና ይህን ልማድ እንድንተው አጥብቀን እንመክራለን።

ስለዚህ አስተናግር በግቢያችን ቢበቅል እሾሃም ፍሬውን ሳያፈራ፥ እጃችንን በጓንት ወይም በጨርቅ ሸፍነን እንንቀለው። እህል ስንለቅም ከበቆሎውና ከማሽላው መካከል ጥቁሩን ጠፍጣፋ ዘር እንፈልግ። ብሩግማንስያ ያለን ሰዎች፥ ሕፃን በቤት ካለ፥ ውበቱ ቢያሳዝነንም ብናነሣው ይሻላል። ልጆች አበባ እየመጠጡ መጫወት ይወዳሉና፥ መለከት የሚመስል ነጭ አበባ ወደ አፍ እንደማይገባ ገና በለጋነታቸው እናስተምራቸው። በልቶ የተገኘ ሰው ቢኖር ግን በቤት መድኃኒት ጊዜ ሳናጠፋ፥ ለማስታወክም ሳንሞክር፥ የተክሉን ቁራጭ ይዘን ፈጥነን ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። ሐኪሙ ሊረዳው የሚችለው ምን እንደ በላ ሲያውቅ ነው።

በየግቢያችን ያለውን አበባ ከልጆቻችን ጋር ሆነን አንድ በአንድ ብንመረምረው፥ ቅጠሉን ብናስቆጥራቸው፥ ዘሩን ብናሳያቸው፥ ትምህርቱ ለበዓሉም ለጤናቸውም ይጠቅማል። ጊዜው የሚያስፈልገው አንድ የእሑድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው።