ትርንጎውም ኪኒናውም

ትርንጎ ሎሚ ቢመስልም ትልቅ ነው፤ የሚጣፍጠውም ወፍራሙ ነጭ ልጣጩ ነው። እዚህ ጄኔቫ ትኩሱ እምብዛም አይገኝም፤ ለገና ኬክ በስኳር የደረቀው ይሸጣል።

ሳይንሳዊ ስሙ «ሲትረስ ሜዲካ» ስለሆነ መድኃኒት ነው የሚሉ አሉ። «ሜዲካ» ግን የጥንቷን የሜዶን አገር፣ የዛሬዋን ኢራን አካባቢ፣ ነው የሚያመለክተው። ቫይታሚን ሲ አለው፤ ያንኑ ቫይታሚን ታዴውስ ራይክስታይን በ1933 እ.ኤ.አ. ዙሪክ በላቦራቶሪ ሠርቶታል። ቫይታሚን ሲ ግን የደም ግፊት ኪኒናን አይተካም።

ነርሲንግ ስማር የሚያሳስበኝ፣ ወላጆቻችን «ትርንጎና ሎሚ ይበቃኛል» ብለው ኪኒናቸውን ሲተዉ ነው። ግፊት ሳያሳምም ቆይቶ ስትሮክ ያመጣል። ስለዚህ አንሳቅባቸው፤ አብረን እየበላን እንጠይቃቸው፦ «እማዬ፣ ትርንጎው ይጣፍጣል። ኪኒናሽንስ ዋጥሽ?»