ቀለም አትቀቡልኝ

ሰኞ ዕለት ባቲን ያየ ሰው፣ የባቲ ልጅ ሆኖ የጥቁርና ነጭ ፊልም ጠበቃ መሆን እብደት ይመስለዋል። በዚያ ቀን ገበያው ከደጋ የወረደውንና ከአፋር ሜዳ የወጣውን በአንድ ሜዳ ላይ ያደባልቃል። ግመሉ፣ አሞሌው፣ በርበሬው፣ የኦሮሞ ሴቶች ዶቃ፣ የአፋር ጎረምሶች ሽርጥ ዓይን ያጥበረብራል። ካሜራ ያንጠለጠለ እንግዳ ከኮምቦልቻ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚመጣው ለዚሁ ቀለም ሲል ነው። እኔ ግን ቀኑን ከባንክ መስኮት ኋላ የሰው ብር ስቆጥር ውዬ፣ ማታ ቤቴ ገብቼ የምከፍተው ቀለም የሌለበት ፊልም ነው። አብሮኝ የሚሠራ ወዳጄ አንድ ማታ ቤቴ መጥቶ፣ ‹‹ምነው፣ ስክሪንህ ተበላሸ እንዴ?›› ብሎኛል።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝም እሱ ነው። ሰሞኑን በኮምፒውተር ቀለም የተቀባ የድሮ ፊልም ቁራጭ በስልኬ ልኮ፣ ‹‹አሁን ነፍስ ዘራ!›› አለኝ። ተመለከትኩት። የሰዎቹ ፊት ሁሉ አንድ ዓይነት የሸክላ መልክ ይዟል፤ ሰማዩ የልጆች ደብተር ሰማይ ሆኗል። ነፍስ አልዘራም፤ ተኳኩሎ ለሠርግ የቀረበ አስከሬን ነው የመሰለኝ። እንዲህ ብዬ ስመልስለት ተቀየመኝ፤ እነሆ አሁን ረጋ ብዬ ልመልስለት።

ከጃፓኑ አኪራ ኩሮሳዋ ልጀምር። ብዙ ሰው የሚያውቀው ‹‹ሰባቱ ሳሙራይ›› የተባለውን የ1954 (እ.ኤ.አ.) ሥራውን ነው። እኔ የምወድደው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ የሠራውን፣ ርእሱ በአማርኛ ‹‹መኖር›› ማለት የሆነውን ነው። ዋታናቤ የሚባል የማዘጋጃ ቤት ሹም ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አንድም ቀን ሳይቀር ወረቀት ላይ ማኅተም ሲመታ ኖሯል። ፊልሙ የሚጀምረው በሰውየው የሆድ ራጅ ነው፤ ካንሰር እንዳለበት ከራሱ በፊት እኛ እናውቃለን። (ማኅተም መምታት ሥራው የሆነ ሰው ይህን ፊልም እሑድ ማታ እንዳያይ እመክራለሁ፤ ሰኞ ይከብደዋል።) ዋታናቤ በቀረችው ጥቂት ጊዜ ለድሆች ሰፈር ልጆች አንድ የመጫወቻ ሜዳ ለማሠራት ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል። በመጨረሻም በረዶ ሲወርድ እዚያው ሜዳ ዥዋዥዌ ላይ ተቀምጦ ያንጎራጉራል። ጥቁር ሰማይ፣ ነጭ በረዶ፣ ባርኔጣ ያደረገ አንድ ሽማግሌ። እዚህ ላይ ምን ቀለም ይጨመራል? ባርኔጣው ቡኒ ይሁን ግራጫ ባውቅ ምን ይጠቅመኛል?

ለኔ ከዚያ የሚብሰው ግን የለቅሶው ቤት ነው። ባልደረቦቹ ሰክረው፣ አልቅሰው፣ ‹‹ከእንግዲህ እንደሱ እንሠራለን›› ብለው ይማማላሉ። በማግሥቱ ቢሮ ገብተው ባለጉዳዩን ወደ ሌላ መስኮት ይመሩታል። ይህን ሳይ ከፊልሙ ውስጥ እኔን የሚመስለኝ ሟቹ እንዳልሆነ ገባኝ።

የቪቶሪዮ ደ ሲካ ‹‹የብስክሌት ሌቦች››ም (እ.ኤ.አ. 1948) በዚያው በሙያዬ በኩል ነው የያዘኝ። ሥራ አጡ አባወራ ሥራ ያገኛል፤ ሥራው ብስክሌት ይጠይቃል፤ ብስክሌቱ ደግሞ በመያዣ ተይዟል። ሚስቱ የአልጋ አንሶላዎቿን ነቅላ ለመያዣ ትወስዳለች። ገንዘቡን ሲቀበሉ ካሜራው ወደ ጓዳው ይዞን ይገባል። አንድ ሠራተኛ የእነሱን አንሶላ ተሸክሞ መደርደሪያውን እንደ መሰላል ይወጣል፤ ይወጣል፤ መደርደሪያው እስከ ጣራ ድረስ በሌሎች ሰዎች አንሶላ የተሞላ ነው። አንዲት ቃል አይነገርም። እኔም መያዣ የሚመዘገብበት ቤት ውስጥ የምውል ሰው ነኝና፣ የአንድ ከተማ ድህነት በዚህ አጭር ትዕይንት እንደተነገረ በብዙ ገጽ ጽሑፍ ሲነገር አላየሁም። ዋናው ተዋናይ ላምቤርቶ ማጆራኒ የፋብሪካ ሠራተኛ እንጂ የመድረክ ሰው አልነበረም፤ አካሄዱም ይመሰክራል።

የሕንዱን የሳትያጂት ራይን ‹‹ፓተር ፓንቻሊ›› (እ.ኤ.አ. 1955) በጥቂቱ ብቻ ላንሣ። ልጅ ሳለን በቪዲዮ ቤት የጠገብነው የሕንድ ፊልም ዘፈንና ድብድብ ስለነበር፣ ያቺ አገር እንዲህ ያለ ዝምታ እንዳላት በማወቄ ተገርሜአለሁ። ራይ ገንዘብ እያለቀበት ሥራው ሦስት ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። እኅትና ወንድም ባቡር ሊያዩ በነጭ የሣር አበባ መካከል ይሮጣሉ። ቆይቶ እኅቲቱን ዝናብ ይመታታል፤ ትሞታለች። ይህችን ልጅ ያዝ አድርጉልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ቤታችን።

የኛ አገር ጥቁርና ነጭ ብዙ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የተሠራው፣ ላምብሮስ ጆካሪስ ያዘጋጀው ‹‹ሂሩት አባቷ ማነው?›› የመጀመሪያው ረጅም ልብ ወለድ ፊልማችን ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት 23 ቀን የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ጀመረ፤ ቀለም እስኪያገኝ ድረስ ሃያ ዓመት ያህል በጥቁርና ነጭ ብቻ ቆየ። በነዚያ ዓመታት ካሳየው ሁሉ አንድን ሌሊት የሚያህል የለም። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ምሽት፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ የቀረጸበት ዘገባ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር እያፈራረቁ ታየ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

ስለዚያ ምሽት ብዙ ተጽፏል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስቆዝመኝ ግን ሌላ ነው። ቴሌቪዥን ያን ጊዜ ከአዲስ አበባና ካካባቢዋ ብዙም አይርቅም ነበርና፣ ወሎ ራሷን አላየችም። ተቀረጸች፤ ለንደን አየ፤ አዲስ አበባ አየ፤ መንግሥት ተለወጠ፤ የተቀረጸው ሰው ግን የፊቱን ምስል ሳያይ ሞተ። ከአሥር ዓመት በኋላ ባቲም ትልቅ የረሃብተኞች መጠለያ ስትሆን ካሜራ እንደገና መጣ። የከተማችን ስም ከቅኝታችንና ከሰኞ ገበያችን ይልቅ በዚያ ምስል በዓለም ዞረ።

እዚህ ላይ ወዳጄ አንድ እውነት አለው፤ ልደብቅበት አልፈልግም። ‹‹ጥቁርና ነጭ ድህነታችንን ያስጌጠዋል›› ይላል። የቆመ ፎቶግራፍ ከሆነ እስማማለሁ። በጥላና በብርሃን የተሣለ የተራበ ፊት ተመልካቹን ያስተክዛል፣ ከዚያም ያልፋል፤ ፊቱም ስም የለውም። ታዲያ ጉድለቱን የቀለም ማጣት አላደርገውም። ለሰውየው የተሰጠው ጊዜ ማነሱ ነው። ከሞቱ በፊት ምን ያርስ ነበር? ለማን ያርስ ነበር? ማንን ይሰድብ፣ በምን ይስቅ ነበር?

ይህን የሚመልስ አንድ ፊልም አለን፤ የኃይሌ ገሪማ ‹‹ምርት ሦስት ሺህ ዓመት››። ጎንደር የተወለደው ኃይሌ በሎስ አንጀለስ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ አገር ቤት መጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የዙፋኑ እግር በሚነቃነቅበት ጊዜ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ካሜራ በሁለት ሳምንት ገደማ ቀረጸው። ሰዎቹ በማያ ገጽ ላይ ታይተው የማያውቁ ናቸው፤ ቋንቋቸው አማርኛ ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1976 ሲወጣ፣ የሚከስሰው ሥርዓት በየካቲት 25 ቀን 1967ቱ የመሬት አዋጅ ፈርሶ ዓመት አልፎት ነበር። ርእሱ ግን ሦስት ሺህ ዓመትን ነው የቆጠረው።

ባለርስቱ ወንበሩን ደጅ አስወጥቶ ተቀምጦ ከሩቅ ይጮኻል። ጭሰኛው ያርሳል። ይኸው ነው፤ ደግሞም ይኸው ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ትዕግሥት ያለቀባቸውን አውቃለሁ፤ እኔም መጀመሪያ ጊዜ አንቀላፍቼበታለሁ። መሬቱን ተነጥቆ ሰው እንደ እብድ የሚያየው ከበበም አንዳንዴ ሲናገር የዘመኑን የተማሪዎች ወረቀት የሚያነብ ይመስላል። እንከኑ ይህ ነው። ነገር ግን ሞፈሩ አፈሩን ሲገለብጥ፣ ሴትየዋ ውሃ ስትቀዳ፣ ልጅቱ ከብት ስትነዳ እስኪያልቅ ድረስ የሚጠብቅ ካሜራ ከዚያ ወዲህ በአገራችን ፊልም ብዙም አላገኘሁም። ልጅቱ በሕልሟ ሰዎቿ እንደ በሬ ተጠምደው ባለርስቱ ሲያርስባቸው ታያለች። ያ ሕልም በቀለም ቢሆን ኖሮ ተረት ይሆን ነበር። በጥቁርና ነጭ ግን ከቀኑ እርሻ ጋር አንድ መልክ ስላለው፣ ሕልሙ የት ጀምሮ የት እንዳበቃ ለመለየት አፍታ ይወስዳል። ያቺ አፍታ ናት የኔ መከራከሪያ። ወዳጄ ለአፈሩ ቀይ ቀለም፣ ለሣሩ አረንጓዴ ቀለም ቢቀባ፣ መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ ነው።

ፊልሙን በፍላሽ ያገኘሁት ሰሞን አያቴን እንድታይ ለመንኳት። አኮ ነው የምንላት፣ በኦሮምኛ። በንጉሡ ጊዜ የጭሰኛ ልጅ ነበረች። በሁለቱም ረሃብ አልፋለች፤ በ1977ቱ የአባቴን ታናሽ እኅት እዚሁ ባቲ፣ መጠለያው ውስጥ ቀብራለች። ስለዚያ ዘመን በቴሌቪዥን አንዳች ነገር ሲጀመር ተነሥታ ትወጣለች። ‹‹እኛን ነው የሚያሳዩን፤ እኔ ራሴን ምን አያለሁ?›› ትላለች። ‹‹አኮ፣ ይሄ ረሃብ አይደለም፤ እርሻ ነው›› ብዬ አስቀመጥኳት። ቡና ተፈልቶ ነበር።

ለመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ዝም አለች። ከዚያ ባለርስቱን መስደብ ጀመረች፤ የማልጽፈውን ስድብ። በሬው ሲለግም ለገበሬው፣ ‹‹በዚህ በኩል ያዘው እንጂ!›› ትለዋለች። ሁለተኛው ቡና ሲደርስ ሲኒውን ረስታዋለች። ከፊልሙ ጋር እንዲህ ስትነጋገር አይቻት አላውቅም፤ የምታውቀው ሰው ቤት የገባች ትመስል ነበር። ቀለም ይጎድለዋል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ‹‹የምን ቀለም?›› አለችኝ፤ ጥያቄው አልገባትም።

ልጅቱ የባለርስቱን ላም ከደራሽ ውሃ ለማውጣት ስትገባ አኮ ከመደቡ ተነሣች። ‹‹ተያት! ላሟን ተያት፣ ውጪ!›› ብላ ጮኸች። ጎረቤት ሰምቶ መጣ። ልጅቱ በውሃ ተወሰደች። ላፕቶፑን ልዘጋ እጄን ስሰድድ፣ ‹‹ተው፣ አትዝጋ›› አለች፤ እስከ መጨረሻው አየች። ከበበ በባለርስቱ ላይ ሲነሣ አልተደሰተችም፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና በጣቶቿ መሃል ነው ያየችው።

ካለቀ በኋላ ብዙ ቆይታ፣ ሲኒውን እያጠበች፣

‹‹ላሟስ?›› አለችኝ።

‹‹የቷ ላም?››

‹‹የሰውየው ላም። ወጣች ወይስ እሷም ሄደች?››

ፊልሙን ያን ጊዜ ለአራተኛ ጊዜ ነበር ያየሁት። ላሟን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ‹‹ልመልሰውና ልይልሽ›› ብዬ ላፕቶፑን ልከፍት ስል፣

‹‹ተወው›› አለች፣ ‹‹አሁን ለማን ሊከፈል ነው።››