ሰንሰለቱ አልወጣ ሲል

ባሕር ዳር ሜዳ ከተማ ናት። ስለዚህም ተማሪው ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ጸሐፊው ወደ መሥሪያ ቤቱ፣ ነጋዴው ወደ ገበያው ማርሽ በሌለው ቢስክሌት ሲመላለስ ቢውል የሚጎድልበት ነገር የለም። ማርሽ የሚያስፈልገው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ሽቅብ ለሚወጣ ሰው ነው። እኔም ከመምህርነት ደመወዜ ጥቂት በጥቂት አጠራቅሜ ያገለገለ የእሽቅድምድም ቢስክሌት በገዛሁ ጊዜ፣ ሐሳቤ ሁሉ ያ ኮረብታ ነበር።

ቢስክሌቱ መልከ መልካም ነው። ዳሩ ግን አንድ ክፉ ዐመል ነበረበት። ከፔዳሉ አጠገብ ካሉት ከሁለቱ ጥርሳም ክቦች፣ ሰንሰለቱን ከትንሹ ወደ ትልቁ ውጣ ሲሉት አይወጣም፤ ወጥቶም እንደ ሆነ ውረድ ሲሉት ይዘገያል። ፊዚክስ የማስተምር ሰው ነኝና «ይህ እንዴት ያቅተኛል?» በማለት ካቻቢቴዬን አነሣሁ። በፊት ማርሽ መለወጫው ላይ ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አየሁ። አንዱን ወደ ግራ አዞርኩት፤ ለውጥ የለም። ሁለተኛውን አዞርኩት፤ ጥቂት የተሻለ መሰለኝ። እንደ ገና ሁለቱንም አዞርኩ። ከብዙ ትግል በኋላ ሰንሰለቱ አንድ ጊዜ ስለ ወጣልኝ፣ እጄን ታጥቤ በጥበቤ እየተደሰትኩ ተኛሁ።

ከተማሪዎቼ መካከል ቢስክሌት መንዳት እጅግ የሚወድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ አለ። የሰፈሩ ወጣቶች በአንድ እሑድ እስከ ቤዛዊት ሊሽቀዳደሙ ቀጠሮ ይዘው ነበርና፣ የእርሱ ቢስክሌት ማርሽ ስለሌለው የእኔን እንዳውሰው ለመነኝ። ሰጠሁት። «ማርሹ ደኅና ነው ወይ፣ መምህር?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ «ያበጀሁት እኔ ራሴ ነኝ» አልኩት።

ከኮረብታው ሥር ሲደርሱ ልጁ ከፊተኞቹ ጋር ነበር። ለዳገቱ ይቀለው ዘንድ ሰንሰለቱን ወደ ትንሹ ክብ ቢያወርደው፣ በዚያ መቆም ሲገባው አልፎ ሄደና በክቡና በፍሬሙ መካከል ተሰነቀረ። እግሩ የረገጠው ፔዳል በድንገት ባዶ ሲሆንበት ሚዛኑን ስቶ ወደቀ። ቢስክሌቱን እየገፋ ወደ ቤቴ በመጣ ጊዜ መዳፉ ተልጦ፣ ጉልበቱም ደምቶ ነበር። ቁስሉን አጥበን ከጨረስን በኋላ አንገቱን ደፍቶ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መምህር፣ በሙከራ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አትለውጡ ብለው አስተምረውን የለም ወይ? ስንቱን ብሎን ነው የነኩት?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ቢስክሌቱን በገመድ ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ሰቅለን ከመጀመሪያው ጀመርን። አንባቢዬም እንደ እኔ እንዳይሳሳት ያደረግነውን በተራ ልንገረው።

አስቀድሞ የዕቃውን አሠራር ማወቅ ይገባል። የፊት መለወጫው ሰንሰለቱን በመካከላቸው የሚያሳልፉ ሁለት የብረት ጉንጮች አሉት። በመሪው ላይ ያለውን መቀየሪያ ስንገፋው ሽቦው ይሳባል፤ ጉንጮቹም ወደ ውጭ ሄደው ሰንሰለቱን ወደ ትልቁ ክብ ይገፉታል። ሽቦው ሲለቀቅ ደግሞ ሞላው ወደ ውስጥ ይመልሳቸዋል። እንግዲህ እነዚያ ሁለት ብሎኖች ምንድን ናቸው? የወሰን ድንጋዮች ናቸው። አንደኛው «ወደ ውስጥ ከዚህ አትለፍ» ሲል፣ ሁለተኛው «ወደ ውጭ ከዚህ አትለፍ» ይላል። ሰንሰለቱን የመግፋት ሥራ የሽቦው ነው። እኔም በሬው ሰነፈብኝ ብሎ የማሳውን ድንበር እንደሚነቅል ገበሬ ሆኜ ነበር ማለት ነው።

የዛሬ ነጂ ማርሽ ለመለወጥ ጣቱን ብቻ ማንቀሳቀሱ ትልቅ ዕድል ነው። ስመ ጥር በሆነው በቱር ደ ፍራንስ ውድድር ሰንሰለቱን ከክብ ወደ ክብ የሚያሻግር መሣሪያ ለተወዳዳሪዎች የተፈቀደው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1937 ነው። ከዚያ በፊት ዳገት ሲመጣ ከቢስክሌቱ ወርደው፣ በግራና በቀኙ የተለያየ ጥርስ ያለውን የኋላ ጎማ ፈትተው ይገለብጡት ነበር። ከጥንቶቹ የፊት መለወጫዎችም አንዳንዶቹን ነጂው እየጋለበ እጁን ወደ እግሩ ዝቅ አድርጎ በዘንግ ይገፋቸው ነበር። ሽቦው ይህን ሁሉ ድካም አቀለለ፤ ነገር ግን ሲዝግ ማንም አያየውም።

ስለዚህ ምርመራችንን ከሽቦው ጀመርን። ሰንሰለቱን በትንሹ ክብ ላይ አደረግንና፣ ልጁ ፔዳሉን በእጁ ሲያዞር እኔ በፍሬሙ ላይ በግልጥ የሚያልፈውን ሽቦ ይዤ ወደ ውጭ ሳብኩት። ሰንሰለቱ ያለ አንዳች ማመንታት ወደ ትልቁ ክብ ወጣ። በጣት ሲስቡት ከወጣ፣ በመቀየሪያው ሲስቡት ግን እንቢ ካለ፣ መለወጫው ከወቀሳ ነጻ ነው። ጥፋቱ ሽቦው ላልቷል፣ ወይም በሽፋኑ ውስጥ ይዞታል፣ ወይም መቀየሪያው ራሱ ታሟል። የእኛን ሽቦ ከሽፋኑ ብናወጣው ዝጎ፣ ከጫፉም አጠገብ ጥቂት ክሮች ተበጥሰው አገኘነው። የችግሩ ሁሉ መነሻ ይህ ነበር። (ፔዳል በሚዞርበት ጊዜ ጣትን ከጥርሱ ማራቅ እንዳይረሳ፤ ጥርሱ ጣትና ሰንሰለት አይለይም።)

አዲስ ሽቦና ሽፋን ገዛን። ነገር ግን ከማሰራችን በፊት እኔ ያበላሸሁት መታረም ነበረበት። መጀመሪያ የመለወጫውን አቀማመጥ ተመለከትን። ጉንጩን በእጅ ወደ ውጭ ገፍተው በትልቁ ክብ ላይ ሲያደርጉት፣ የውጭው ጉንጭ ከጥርሶቹ ጫፍ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ከላይ ሲመለከቱትም ከክቡ ጋር ትይዩ ይሁን። ከፍታው ከበዛ ወይም ጉንጩ ከተጣመመ፣ ብሎኖቹን ሲያዞሩ ቢውሉ ከንቱ ድካም ነው።

ቀጥሎ የውስጡን ወሰን አበጀን። በአብዛኛው በዚህ ብሎን አጠገብ «ኤል» የሚባለው የላቲን ፊደል፣ በውጭው ወሰን ብሎን አጠገብ ደግሞ «ኤች» የሚባለው ይጻፋል። ሽቦው ሳይታሰር፣ ሰንሰለቱ ከፊት በትንሹ፣ ከኋላም በትልቁ ክብ ላይ ሆኖ፣ በውስጠኛው ጉንጭና በሰንሰለቱ መካከል ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ብቻ ይቅር። ብሎኑ ወደ ቀኝ ሲዞር መንገዱን ያጠብባል፤ ወደ ግራ ሲዞር ያሰፋል። ታዲያ በአንድ ጊዜ ሩብ ዙር ብቻ ማዞር፣ ከዚያም መሞከርና በወረቀት መጻፍ ይገባል።

ሦስተኛው ሽቦውን ማሰር ነው። መቀየሪያው ፈጽሞ ወደ ተለቀቀበት ቦታ መመለሱን አረጋግጠን፣ ሽቦውን በፒንሳ ወጠር አድርገን በብሎኑ አጠበቅነው። የቀረችውን ጥቂት ላላታ ከሽቦው መንገድ ላይ ባለችው በጣት በምትዞር ማስተካከያ ሞላናት።

የውጭው ወሰን የመጨረሻው ነው። ሰንሰለቱ ከፊት በትልቁ፣ ከኋላ በትንሹ ክብ ላይ ሲሆን፣ በውጭው ጉንጭና በሰንሰለቱ መካከል እንዲሁ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ይቅር።

ይህን ተራ የያዘ ሰው የበሽታውን ምልክት ማንበብ አያቅተውም። ሰንሰለቱ በትልቁ ክብ ላይ አልፎ ወደ ፔዳሉ ከወደቀ የውጭው ወሰን ሰፍቷል። በትንሹ ክብ አልፎ ወደ ፍሬሙ ከወደቀ የውስጡ ወሰን ሰፍቷል፤ ልጁን የጣለው ይህ ነው። ወደ ትልቁ አልወጣ ካለ መጀመሪያ ሽቦውን መመርመር፣ የውጭው ወሰን መጥበብ አለመጥበቡን ማየት ከዚያ በኋላ ነው። መውረድ ካቃተው ደግሞ ሽቦው ከመጠን በላይ ተወጥሯል፣ ወይም ሽፋኑ ውስጥ ይዞታል፣ ወይም የውስጡ ወሰን ጠቧል።

ድምፅ ሁሉ በሽታ አለመሆኑንም ማወቅ ያሻል። ከፊት ትልቁን፣ ከኋላም ትልቁን ክብ ይዞ የሚሄድ ሰው ሰንሰለቱን አጣሞታልና ጉንጩን ቢነካ አይደነቅም፤ ከኋላ አንድ ሁለት ደረጃ ቢያወርደው ድምፁ ይጠፋል። ዳገት መካከል በሙሉ ጉልበት እየረገጡ የፊቱን ማርሽ መለወጥም መልካም አይደለም። ዳገቱ ሳይጀምር፣ ፔዳሉን ቀለል አድርጎ እያዞሩ መለወጥ ይበጃል። አዲስ ሽቦም ከጥቂት ቀን በኋላ ላላ ማለቱ አይቀርምና፣ ማስተካከያዋን አንድ ጊዜ መጎብኘት ነው።

ሥራችንን ስንጨርስ መሽቶ ነበር። ልጁ በተልጦው መዳፉ ፔዳሉን እያዞረ መቀየሪያውን አሥር ጊዜ ገፋው፤ ሰንሰለቱም አሥር ጊዜ ወጥቶ አሥር ጊዜ ወረደ። ከዚያን ቀን ወዲህ በየእሑዱ ቢስክሌቱን ይወስዳል፤ ቤዛዊት ወጥቶ ይመለሳል። ያን እሑድ ግን በአዲስ ሽቦ ልመልስለት አልቻልኩም።

ሰኞ ክፍል ገብቼ ስለ ሙከራ ሥርዓት ሳስተምር ዓይኔ ወደ እርሱ ወንበር ሄደ። ልጁ በፋሻ በተጠቀለለ እጁ ይጽፋል። ሰሌዳው ላይ «በአንድ ጊዜ አንድ ነገር» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። የመስመሩ ምክንያት ከእርሱ በቀር ለማንም አልገባውም።