የቀብሬን ሒሳብ እኔው ልሥራው

«ለቀብርህ ገንዘብ አስቀምጥ» ብሎ የሚመክር ሰው በእኛ ዘንድ ሟርተኛ ነው። ይህን የምንለው ደግሞ በየወሩ የእድር መዋጮ የማናስታጉለው እኛው ነን።

አያቶቻችን እንዲህ አይሸሹም ነበር። ኢየሩሳሌም የተሳለሙት መግነዛቸውን ከዚያው ይዘው መጥተው ሣጥናቸው ውስጥ ያኖሩት ነበር። ወራሽ የሌለው ወይም ወራሹን ያላመነ ደግሞ ካህናቱንና ጎረቤቱን ጠርቶ የቁም ተዝካሩን ያበላ ነበር። እኛ ድግሱን ወርሰን ስሌቱን ተውነው።

እድር ትልቅ ነገር ነው። ድንኳኑን ይተክላል፣ ለቀስተኛውን ያስተናግዳል፣ በደንቡ የተወሰነውን ብር ለቤተሰቡ ያስረክባል። ከዚያ በኋላ ግን አርባው አለ፣ ሙት ዓመቱ አለ፣ የእብነ በረዱ ሐውልት አለ። ዕዳ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ችግሩ የብር ማነስ ብቻ አይደለም። ሰው ዛሬ ሞቶ ዛሬ ወይም ነገ ይቀበራል። የት ይረፍ? ምን ዓይነት ሣጥን ይገዛ? ቪዲዮ ይቀረጽ? በዚያች ሌሊት በዋጋ የሚከራከር ልጅ አባቱን ያልወደደ ይመስለዋል። የለቀስተኛው ዓይንም አለ። ስለዚህ ውዱ ይመረጣል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በዚህ በኩል ዕድለኞች ናቸው፤ ሀብታሙም ድሃውም በነጭ ከፈን ስለሚሸኝ በሣጥን መፎካከር የለም።

ባሕር ማዶ ያለው ወገናችን ጭንቀቱ ይብሳል። አስከሬኑ አገር ቤት ይግባ ወይስ እዚያው ይረፍ የሚለው ሳይወሰን የቀብር ቤቱ ክፍያ፣ የአውሮፕላኑ ጭነት፣ የሰነዱ ጣጣ ይከተላል። ሟቹ አንድ ቃል ስላልተናገረ ዘመድ ተከፋፍሎ ይከራከራል፣ በጎፈንድሚ ድረ ገጽም ገንዘብ ይለመናል።

ሕጉ እንኳ ነገሩን አልናቀውም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1014 መሠረት ከውርስ ሀብት ላይ በቅድሚያ የሚከፈለው የቀብር ወጪ ነው፤ ከሌላው ዕዳ ሁሉ ይቀድማል። ሞት የቀረበው የመሰለው ሰው በሁለት ምስክሮች ፊት በቃል ሊናዘዝ ከሚችላቸው ጥቂት ጉዳዮችም አንዱ የቀብሩ ሥርዓት ነው። እስከዚያች ሰዓት መጠበቅ ግን ቁማር ነው።

እኔ በአንድ ገጽ ጽፌዋለሁ። ሣጥኑ ርካሹ ይሁን፤ ሐውልት አይሠራ፤ በአርባዬ ነዳያን ይብሉ፤ ከዚያ በላይ ማንም አይበደር። ገንዘቡን በስሜ ባለ የባንክ ሒሳብ ብቻ አልተውኩትም፤ የሟች ሒሳብ ከታገደ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት እስኪመጣ ድረስ ማንም አይነካውም። ለቀብር የሚሆነው ቤተሰቤ በዚያው ቀን ሊያወጣው በሚችልበት ቦታ ተቀምጧል።

የዚህ ወረቀት ትልቁ ጥቅም ብር ማዳኑ አይመስለኝም። «ለአባትህ ሐውልት እንኳ አላቆምክም?» ሲባል ልጄ «ራሱ ነው ያዘዘው» ብሎ አንገቱን ቀና ያደርጋል።

እናንተም ጻፉት። የት እንደምታርፉ፣ ምን እንዲደረግ፣ ከሁሉ በላይ ምን እንዳይደረግ አስፍሩ። ከዚያም አንዱን ቅጂ ለቤተሰባችሁ፣ ሌላውን ለእድራችሁ ጸሐፊ ስጡ።