ነጠላዬስ አምሯል፤ እኔ የት አለሁ?

ከክረምት ዕረፍት ወዲህ በየመኝታ ክፍሉ የምንሰማው ወሬ የካሜራ ወሬ ሆኗል። አንዱ ውጭ አገር ያለ አጎቱ ልኮለታል፤ ሌላው ገንዘብ አጠራቅሞ አገልግሎት የሰጠ ካሜራ ከአዲስ አበባ ገዝቷል። ሌንሱ፣ ሦስት እግሩ መቆሚያ፣ ቦርሳው፣ ማጣሪያ መስተዋቱ ሁሉ በየዓይነቱ ተሟልቷል። ይህን የምንጽፈው ጓደኞቻችንን ለመንቀፍ አይደለም። ፎቶግራፍ ማንሣት መማር ደግ ነገር ነው፤ ገንዘብን ከዚህ በከፋ ነገር ላይ የሚያጠፉም ሞልተዋል። ነገር ግን ስለ ዕቃው እንጂ ስለሚነሣው ሰው ሲወራ አልሰማንምና ሐሳባችንን ለአንባቢ ለማቅረብ ወደድን።

አንድ የቢቸና ልጅ ጓደኛችን በዕረፍቱ ያነሣውን ከሁለት ሺ የሚበልጥ ፎቶግራፍ አሳየን። የጮቄ ተራራ ደመና ለብሶ፣ የጤፍ ማሳ በነፋስ ሲተኛ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ አሁንም ፀሐይ ስትጠልቅ። ውበት የላቸውም አንልም። የሰው ፎቶግራፍ ግን በጣት የሚቆጠር ነበር። ከነዚያ አንዱ የአያቱ ነው፤ በእኩለ ቀን ፀሐይ ነጠላቸውን ለብሰው ከደጃፋቸው ቆመዋል። ጓደኛችን እንደ ነገረን፣ በካሜራው ጀርባ ባሳያቸው ጊዜ አተኩረው አዩና «ነጠላዬስ አምሯል፤ እኔ የት አለሁ?» አሉት።

ሳቅን። ነገሩ ግን የሚሣቅበት ብቻ አይደለም፤ እማማ የተናገሩት ከብዙ የካሜራ መምሪያ የበለጠ ትክክል ነው። ፎቶግራፉን ስናየው የነጠላው ጥለት በክሩ ይቆጠራል፤ ፊታቸው ግን ጥላ ብቻ ነው። ምክንያቱ ይህ ነው። በካሜራው ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ ከፊቱ ያለው ነገር ነጭ ይሁን ጥቁር አያውቅም። የተሠራው የሚያየውን ሁሉ ከመቶ 18 እጅ ያህል ብርሃን እንደሚመልስ ግራጫ አድርጎ እንዲቆጥር ነው። ነጭ ነጠላ ክፈፉን በሞላው ጊዜ «ብርሃን በዛ» ብሎ ሁሉን ያጨልማል፤ ነጠላው ሲረጋ የሰውየው ፊት ይጠፋል። የአገራችን ሰው ደግሞ ለክብር ፎቶግራፍ ሲቆም ነጭ ይለብሳል። እንግዲህ ካሜራው የሚሳሳተው ሰዉ ይበልጥ በተዋበበት ቀን ነው ማለት ነው።

መድኃኒቱ ግን አዲስ ሌንስ መግዛት አይደለም። በየካሜራው ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባት ቁልፍ አለች፤ በመደመር በኩል አንድ ደረጃ ከፍ ቢያደርጓት ብርሃኑ እጥፍ ይሆናል፤ ፊትም ይወጣል። ነጠላው ጥቂት ቢነጣ ማንም አይቀየምም። ከዚህም የሚሻለው ሰውየውን ከእኩለ ቀን ፀሐይ አውጥቶ ከቤቱ ደጃፍ ጥላ ውስጥ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ ማቆም ነው። ቢቸናም ሞጣም ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ የቀትር ፀሐይ ከአናት ትወርድና ዐይንን ጉድጓድ ታደርገዋለች። ከካሜራው ጋር አብራ የምትመጣው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሆነች ሌንስም ለዚህ ሥራ ትበቃለች። በ18ቱ ተጠግተው ሲያነሡ አፍንጫ ያብጣል፤ ወደ 50 አድርሰው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ነው። ቤት ውስጥ በአምፖል ብርሃን የሚያነሣ ደግሞ የመዝጊያው ፍጥነት ከሰከንድ 60ኛ እጅ በታች ሲወርድ የእጁ መንቀጥቀጥ በሥዕሉ ላይ እንደሚታይ ይወቅ።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳይመስለን። ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የኮዳክ ፊልም የሚያጥቡ ቤቶች የቀለማቸውን ትክክለኛነት የሚለኩት «ሸርሊ» በሚባል፣ የነጭ ሴት ምስል ባለበት ካርድ ነበር። የእርሷ ፊት ከጠራ ሥራው ተሳካ ይባል ነበር። የጥቁር ሰው ፊት በዚያ ሚዛን ላይ አልተቀመጠም።

በአገራችንም ካሜራ ለረጅም ዘመን የቤተ መንግሥትና የከተማ ዕቃ ሆኖ ኖሯል። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ የነገሥታቱን መልክ አቆይተውልናል፤ እናመሰግናቸዋለን። የቢቸናውን አርበኛ የበላይ ዘለቀን መልክ ግን የምናውቀው ከጥቂት አሮጌ ፎቶግራፎች ነው፤ አብረውት ጫካ የገቡትንማ ማን ያውቃቸዋል? በ1960 ዓ.ም. የቢቸናና የሞጣ ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውሞ ሲነሣ የታሪክ ተማሪዎች መጽሐፍ የሚጻፍበት ነገር ሆነ። የእነዚያን ገበሬዎች ፊት የያዘ ፎቶግራፍ ግን እኛ እስከ ዛሬ አላጋጠመንም።

አሁንም ቢሆን በየገጠሩ ብዙ ሽማግሌና ባልቴት ያላቸው ፎቶግራፍ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የቀበሌ መታወቂያ ላይ ያለው። ሰውየው ሲሞት ልጆቹ ያችን የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ምስል ይዘው ወደ ፎቶ ቤት ይሮጣሉ። ተነፍታ፣ ደብዝዛ፣ አንዳንዴም ማኅተሙ ጉንጩ ላይ እንዳለ በፍሬም ትሆንና ለቅሶ ላይ ትወጣለች። አልቃሽ ደረቷን የምትመታው ለዚያ ምስል ነው። አዲስ ካሜራ ያለው የልጅ ልጅ በዚያው ክረምት ለፀሐይ መጥለቂያ ሁለት መቶ ጊዜ ተኩሶ ለአያቱ አንድ ጊዜ ብቻ ከተኮሰ ሒሳቡ ትክክል ነውን?

«ፎቶግራፍ ምን ይፈይዳል፤ ትርፉ ጌጥ ነው» የሚሉም አሉ። የሞጣ ልጆች ለዚህ መልስ አላቸው። ከሞጣ በኩል ዓባይን ተሻግሮ ወደ አንዳቤት የሚያልፈው ሰባራ ድልድይ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል፤ በጣልያን ወረራ ዘመን ጠላት እንዳይሻገርበት መካከሉ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ከ60 ዓመት በላይ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያና ከወዲህ በሰው ጉልበት እየተሳበ ገደሉን ተሻገረ። ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በዲሴምበር 2000 እ.ኤ.አ. እትሙ ኔቫዳ ዊር ያነሣችውን የዚያን ገመድ ፎቶግራፍ አወጣ። ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ የሥራ ተቋራጭ ፎቶግራፉን አየ፤ በ2001 እ.ኤ.አ. ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን ድርጅት አቋቁሞ ያን ክፍተት በብረት አጋጠመው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለእግረኛ የሚሆን ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ድርጅቱ ዛሬ በብዙ አገሮች ድልድይ ሠርቷል።

ባዕድ አነሣችው ብለን አንቆጭም፤ እርሷ ሥራዋን ሠርታለች። ልብ እንዲባል የምንፈልገው ፎቶግራፉ ውስጥ ያለውን ነው፤ ገደል፣ ገመድ፣ ሰው። ያነሣችው ቆማ ሰውን ስላየች ነው። በዚያ ገመድ የተሻገሩ ወላጆች ያሏቸው ልጆች ዛሬ በመካከላችን አሉ፤ ካሜራም ይዘዋል።

አንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። በክልሉ ግጭት ከተነሣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ትልቅ ሌንስ አንጠልጥሎ በመንገድና በኬላ ማለፍ ጥያቄ ያስነሣል፤ ጓደኞቻችን ይጠንቀቁ። በቤት ደጃፍ አያትን፣ የኔታን፣ ጎረቤትን በፈቃዳቸው ማንሣት ግን ከሁሉ ይልቅ አደጋው ያነሰ ነው። ፈቃድ መጠየቅም ለይስሙላ አይሁን፤ «አይሆንም» ያለን ሰው በሩቅ ሌንስ ተደብቆ ማንሣት ስርቆት ነው።

ማኅበራችንን የምንጠይቀው ይህን ነው። ከመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት በፊት ካሜራ ያላቸው ተማሪዎች ስማቸውን ያስመዝግቡ፤ እያንዳንዱም ከአገሩ አምስት የሸመገሉ ሰዎችን አንሥቶ ይምጣ። የማሳተሚያውን ወጪ ማኅበሩ ይቻል፤ የአንድ ሌንስ ዋጋ ስንት መቶ ፎቶግራፍ እንደሚያሳትም የሒሳብ ክፍል ተማሪዎች ሊነግሩን ይችላሉ። በጀርባው የሰውየው ስም ከነአባቱ፣ ቀበሌውና ቀኑ ይጻፍ፤ አንዱ ቅጅ ለባለፊቱ ይሰጥ። መምህራንም እንዲያግዙን እንለምናለን፤ በተለይ ፊልም በእጃቸው ሲያጥቡ የነበሩት፣ 36 ብቻ በሚያነሣ ጥቅል ሰውን እንዴት መርጠው ያነሡ እንደ ነበር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢያስተምሩን።